ያልተጨመቀው አልበም

ወንድሜ የኔሰው ለተሥላሴ ሰቆጣ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው በላይ፣ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን እየጫነ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ባለፈው ኅዳር፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ በኩላሊት ሕመም ሞተ።

ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነበር። እዚያ ሳለ በአንዲት ወጣት ዘፋኝ አልበም ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀባይ ሆኖ ዘፍኗል። አልበሙ አሥር ዘፈን አለው፤ የእሱ ድምፅ ያለው በሦስተኛው ብቻ ነው። ሰባተኛውም ላይ አለ የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አይቻለሁ።

አባታችን መሪጌታ ለተሥላሴ አልበሙን አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ድጓ ያስተማሩት ልጅ ዘፋኝ ተከትሎ መሄዱ አሳፍሯቸው ነበር። ከተመለሰም በኋላ ምሳ አብረው ይበሉ ነበር፤ ስለ ዘፈን ግን አይነጋገሩም ነበር።

በገበያ ቀን ከሰሃላና ከፃግብጂ የመጡ ደንበኞች ሱቁን ይሞሉት ነበር። የሚጠይቁት ስለ ጥራት ሳይሆን ስለ ብዛት ነበር።

«ስንት አስገባህልኝ?»

«ስድስት መቶ።»

«ጽጽቃ ከተማ ዘፈን የሚጭነው ልጅ እኮ ለጎረቤቴ ሰባት መቶ ሞላለት!»

«ዘፈን ሳይሆን ጤፍ ሰፍሮለት ይሆናላ! አምጣው እስቲ፣ ሰባት መቶ አሥር አደርግልሃለሁ።»

ሰባት መቶ አሥር የሚገባው ዘፈኑ ተጨምቆ ሲያንስ ነው። ሲጨመቅ ቀድሞ የሚጠፋው ስስ ስሱ ድምፅ ነው፤ ከኋላ የሚቀበሉት ሰዎች፣ ጭብጨባው፣ ትንፋሹ። የኔሰው ያንንም አልበም እንደ ሌላው ጨመቀው። ኮምፒውተሩ ሲሞላበት ደግሞ ዋናውን አጥፍቶ የተጨመቀውን አስቀረ። ሌላ ቅጂ አስመጣለሁ ሲል ሞተ።

በአርባው ማግስት አባቴ ጠሩኝ።

«ድምፁ ያለበት ነገር የለሽም?»

«ያለው ዘፈን ነው፣ አባዬ።»

«ዘፈን መሆኑን መቼ አጣሁት። አሰሚኝ።»

ስልኬን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ይኼ ገደል የወደቁ ሰዎች ጩኸት ነው። ልጄ የታለ?» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «አገኘሽው?» ይሉኛል። ሌላ የቀረ ድምፅ የለም። ሥራዬ መዝገብ መያዝ ነው፤ የሌላውን ሰው ፋይል በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ የወንድሜን ድምፅ ግን አንድ ቀን አልቀዳሁም።

አልበሙን ስቱዲዮ ውስጥ የቀዳውን፣ ትእዛዙ የሚባለውን ባለሙያ በስልክ አፈላልጌ አገኘሁት። ከስቱዲዮ እንደወጣ፣ ምንም ያልተቀነሰለት ዋናው ቅጂ በእጁ ነበር።

«እህቴ፣ ከባድ ነው፤ የእናንተ ኔትወርክ አይችለውም» አለኝ።

ሦስተኛውን ብቻ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው ቀን ወረደ።

ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ የመሪጌታ ቤት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከሱቁ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ አመጣሁ። አባቴ በሩን አስዘጉኝና ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እኔ የምሰማው ነገር የለም፤ ፊታቸውን ብቻ አያለሁ።

ተቀባዮቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ እጃቸው ድንገት ተነሣ።

«ይኸው! ተነፈሰ!»

«ማን?»

«የኔሰው ነዋ! ቃሉን ከመሃል ቆርጦ ይተነፍሳል። ድጓ ሳስተምረው ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተቆጥቼዋለሁ። እዚያም ሂዶ አልተወው!»

«ድምፁስ?»

«ድምፁ ከሁለቱ ጋር ተደባልቋል፤ የቱ የሱ እንደሆነ አልለይም፣ አልዋሽሽም። ትንፋሹ ግን የሱ ነው። መልሺልኝ።»

መለስኩላቸው። «ትንፋሽህን ያዘው» አሉ፣ በጣታቸው የዜማውን ልክ እየመቱ። እዚያችው ላይ ተነፈሰ መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና መለስኩት።

«ያዘው ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረህ፣ ያዘው።»

በአራተኛው ጊዜ መቆጣቱን ተዉት። ጣታቸው ቆመ፤ ቦታው ሲደርስ አፋቸውን ከፈት አድርገው አብረውት ተነፈሱ።