የግራ ፓራፋንጎ

ሙላቱ ለኮሮላው በር ሊገዛ ጅዳ፣ አሮጌ መኪና የሚፈታታበት ግቢ ሲገባ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ አገኘ። ከመካ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በካኪ ወረቀት የቆረጡትን ልክ በየዳትሰኑ ፓራፋንጎ፣ የፊት ጎማውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ላይ እየለጠፉ ይለካሉ።

“ባለፈው የቀኙን ሸጡልኝ” አሉት። “ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆመው ቀኙን ግራ ይሉታል! ግራ የሚባለው እኮ በለባሹ ነው፣ ልጄ።”

“ይሄ ግን ቀይ ነው፣ አባባ። ደጅ ያቆሟት መኪናዎ ነጭ ናት!”

“ቀለሙን ተወው፣ ልክ ይሁናት እንጂ። ባለቤቴ ነገ በመርከብ ትገባለች። ደርግ መውጫ ከልክሏት ስምንት ዓመት ሳንተያይ ቆየን።”

ወረቀቱ በቀዩ ቆርቆሮ ላይ ልክክ ሲል ሳቁ፤ ከፊት ጥርሳቸው ሁለቱ የሉም።

“አልሐምዱሊላህ! እኔ እንደሆነ አርጅቻለሁ፤ መኪናዋ እንኳ ሙሉ ሆና ትቀበላት።”