ከሰዓት በኋላ የጥርስ ክፍል

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ምንያህል ጤና ጣቢያው ከመቀጠሩ በፊት መገናኛ የታክሲ ረዳት ነበር። ሥራውን ተወ እንጂ ድምፁን አልተወም። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ስም ሲጠራ ሲግናል ሰፈር ድረስ ይሰማል እያሉ ይቀልዱበታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ተራው እንዳያልፈው ብሎ ነው ስም ከነአባት፣ የሚገባበትንም ክፍል ጨምሮ የሚጮኸው።

«ባርኮት ተክለብርሃን! ቤተሰብ ምጣኔ!»

ያን ቀን አግዳሚው ላይ ልጆቻቸውን ለማስከተብ የመጡ እናቶች ጢም ብለው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞሩ። ከመካከላቸው አንዷ ሁሪያ የምትባል የባርኮት የሰፈር ሰው ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ባርኮት የደንብ ልብሷን በሹራብ ሸፍና ጥጉን ይዛ ተቀምጣለች። ተነሳችና «እኔ አይደለሁም» ብላ በግቢው በር ወጣች።

ነርሷ ሲስተር አገርነሽ ይህን ሁሉ ከክፍሏ በር ላይ ሆና አየች። ፀጉሯ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው፤ እንዲህ ሸሽታ የወጣች ተማሪ ከወራት በኋላ ለእርግዝና ክትትል ተመልሳ ስትመጣ ደጋግማ አይታለች። ያኔ ትምህርቱ የለም።

«ይቺ ልጅ ግን ፈተናዋን ትፈተናለች» አለች ለብቻዋ፤ በቀጥታም ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ሄደች።

«የወጣቶች ክፍል ተብሎ በትልቁ ተጽፎላቸዋል እኮ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» አላት ኃላፊው።

«ጽሑፉን እኮ ነው የሚፈሩት! በዚያ በር የገባችን ልጅ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያወራታል።»

የጥርስ ሐኪሙ የሚሠራው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ክፍሉ ባዶ ነው። አገርነሽ ያን ክፍል ስጡኝ አለች። ካርዱ ላይ እውነቱ ይጻፍ፣ ምንያህል ሲጠራ ግን «ጥርስ» ይበል። ኃላፊው አመነታ፣ እሷም በየጠዋቱ እየተመላለሰች ነዘነዘችው፤ በመጨረሻ ቁልፉን የሰጣት ይመስለኛል እሷን ለመገላገል ነው። ምንያህልም «ውሸት ልታስጠሪኝ ነው?» ብሎ አኮረፈ። «አንተስ ሴት ልጅ የለችህም?» ስትለው ግን «ጥርስ» ብሎ ለመጥራት እሺ አለ።

ከዚያ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ወዳለው፣ ባርኮት ወደምትማርበት ትምህርት ቤት ሄደች፤ ስለ ንጽሕና እንድታስተምር ቀድሞም ተጠርታ ነበር። ሴቶቹን ለብቻ አስቀመጠችና ሳትሽኮረመም ነገረቻቸው። «ስለ እርግዝና መከላከያ መጠየቅም ሆነ መውሰድ የምትፈልጊ ከሰዓት ነይ። ካርድ ክፍል ጥርሴን አመመኝ በይ። የማይሽ እኔ ነኝ።»

ባርኮት በሳምንቱ መጣች። አገርነሽ በሩን ዘግታ አዳመጠቻት፣ ያሉትን ዓይነቶች አንድ በአንድ አስረዳቻት፣ ምርጫውን ለእሷ ተወችላት። ልጅቷ ስትወጣ ያንን ሹራብ አውልቃ ነበር። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም መምጣት ጀመሩ።

ያልታሰበው ነገር የመጣው ከወደ ሾላ ገበያ ነው። እናቶች የልጆቻቸውን የጥርስ ሕመም ሰምተው ቅርንፉድ ፍለጋ ወጡ። ቅመም የምትሸጠው ጸጋ ቅርንፉዷ እንደዚያ ሰሞን ተፈልጎ አያውቅም። «ይሄ ከረሜላ ልጆቻችንን ፈጃቸው!» ይላሉ ገዢዎቿ። ጸጋ ደግሞ የባርኮት እናት ናት። እሷም ለልጇ ቅርንፉድ አስነከሰቻት፤ ባርኮትም እሺ ብላ ነከሰች። ትንሽ ቆይታ ግን ቆሎውን ስትቆረጥመው ቤቱን አስጮኸችው። ጸጋም የታመመ ጥርስ እንዲህ እንደማይቆረጥም ልብ አለች።

በማግስቱ ከሰዓት ጸጋ የጥርስ ክፍሉን በር ከፍታ ገባች።

«የባርኮት እናት ነኝ። ልጄ እዚህ ምን ልታደርግ ነው የምትመጣው?»

አገርነሽ ደነገጠች። ከተናገረች ልጅቷ አለቀላት፤ ነገ ሌላ ተማሪም ደጇን አይረግጥም።

«አልነግርሽም እህቴ።»

«እናቷ ነኝ እኮ!»

«ብትሆኚም። መጥታለችም አልልሽ፣ አልመጣችምም አልልሽ።»

«ለኃላፊው ነው የምከስዎት!»

«ክሰሺ። ቢሮው በስተቀኝ ነው።»

ጸጋ ወደ ቀኝ አልሄደችም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ።

«እኔም ተማሪ ሳለሁ አንዲት ነርስ ጋ ሄጄ ነበር» አለች። «የዚያኑ ቀን ለእናቴ ነገረችብኝ። እናቴም ዳግመኛ ጤና ጣቢያ ደጅ እንዳልደርስ አስማለችኝ። በዓመቱ ባርኮትን ወለድኩ። ልጄን እንደ ዓይኔ ነው የማያት፤ ትምህርቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«እርስዎም ይናገሩ እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «መምጣቴን ባርኮት አትስማ» አለችና ወጣች።

ጸጋ ሾላ ስትደርስ ሁሪያ መደቧ ፊት ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ ያቺ አግዳሚው ላይ የነበረችው።

«ትልቋ ልጄ ጥርሴን አመመኝ አለችኝ፣ እስቲ ቅርንፉድ ስጪኝ» አለቻት።

ጸጋ የቅርንፉዱን ጣሳ ከደነችው።

«ለእሱስ ቅርንፉድ አይሆንም። ከሰዓት ሲስተር አገርነሽ ጋ ላኪያት። አንቺ ግን አብረሻት እንዳትሄጂ።»