የሙላት ረድፍ

ነቀምቴ ያለው ቤቴ ጓሮ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። በአንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትኖርበታለች፤ ከሰሜን ሸዋ የመጣች፣ ጸጥተኛ ልጅ። በቅርቡ አባቷ አርፎባት ሄዳ ቀብራ ተመለሰች። ከመጣች ጀምሮ ታዲያ ከስልኳ ላይ አንድ ዘፈን ብቻ ትከፍታለች። ሲያልቅ ትመልሰዋለች፤ ደግሞ ሲያልቅ ትመልሰዋለች። እኔ ሽንኩርት ስልጥም፣ ልብስ ሳሰጣም እየሰማሁ ዘፈኑን ከነትንፋሹ በቃሌ ያዝኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አዴ ወርቄ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። እዚህ አገር ትልቅ ሴት “አዴ” ተብላ ነው የምትጠራው።

“አካም ኦልቴ፣ የሺ?”

“ፋያ፣ አዴ ወርቄ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?”

“እኔ ደኅና ነኝ። ይቺ ልጅ ግን ምን ነካት? የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ዘፈን? አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፣ ምከሪያት እንጂ!”

“ይተዉአት አዴ። እያለቀሰች ነው።”

“ይኼ ነው ልቅሶ?”

“ይኼም ልቅሶ ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁና “አንቺ ደግሞ እያረጀሽ ላላሽ” ብለውኝ ሄዱ። እርጅናውን እንኳ ገና ነኝ፤ ጉልበቴ ቀድሞኝ አረጀ እንጂ። እንዲህ ያለውን ነገር የተማርኩት በልጅነቴ ነው፤ ኪራሙ፣ በወንድሜ የጤፍ ማሳ ላይ።

እኛ የወሎ ሰዎች ነን። በድርቁ ዘመን አባታችንን እዚያው ቀብረን፣ እናቴና ወንድሜ ሙላት እኔን በየተራ አዝለው ወለጋ ገባን። መንግሥት ያሰፈረን ኪራሙ በኩል ነው። ሙላት ገና ጢም ሳያበቅል የቤቱ አባወራ ሆነ። ሞፈሩን ጨበጠ፤ ከኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ጋር ተዛመደ፤ ቋንቋቸውንም ከሁላችን ቀድሞ ለመደ። ብቻ ይህ ሁሉ ሥራው ነው፤ ስሙን ያስጠራው ግን ድምፁ ነው። በመንደራችን ደቦ ሲጠራ “ሙላት አለ ወይ?” ሳይባል ማጭድ የሚያነሣ አልነበረም።

ደቦ ላልዋለበት ሰው ትንሽ ላብራራ። አጫጆቹ በማሳው ጫፍ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ረድፍ እያጨደ ወደፊት ይሄዳል። በስተቀኝ ዳር ያለው ረድፍ የአውራጁ ነው። እሱ ግጥም ያወርዳል፤ ሌላው “ሆ!” እያለ ይቀበላል። በ“ሆ!” ማጭዱ ይገባል፣ በ“ሆ!” ነዶው ይወድቃል። ያለ አውራጅ ማጨድ ይቻላል፤ ያለ ጨው መብላትም እኮ ይቻላል። ሙላት ደግሞ ግጥሙን ከሰማይ አያወርድም፤ አጠገቡ ያገኘውን ሰው ነበር የሚነቁረው። አንዱን በሆዱ፣ አንዱን በሚስቱ፣ አንዱን በሰነፍ በሬው። የተነቆረው ሰው መልስ ካለው በግጥም ይመልሳል፤ መልስ ካጣ ቀኑን ሙሉ ይሳቅበታል።

እኔ ነቀምቴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ደግሞ መነቆሪያው እኔ ሆንኩ። ለዕረፍት መጥቼ ለአጫጆች ውኃ ሳቀብል ካየኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

“እስክሪብቶ ለምዶ ጣትሽ ለስልሶብሽ፣
ማጭድ ያዢ ቢሉሽ ወገብሽን አመመሽ!”

ማሳው በሳቅ ይሞላል። እኔ አፍሬ፣ ማሰሮውን ጥዬ እሮጣለሁ። በኛ መንደር ሴት የደቦ ግጥም ስታወርድ ታይታ አታውቅም፤ መመለስ ቢያምረኝም በምን አፌ!

ነቀምቴ ተከራይቼ የምኖረው አዴ ጫልቱ የሚባሉ ደግ፣ ግን ቁጡ ሴት ቤት ነበር። የመጨረሻ ዓመቴን በጀመርኩበት ወቅት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ቁጣቸው ድንገት ቀረ። ውኃ ቅጂ የለ፣ ግቢ ጥረጊ የለ። አንጮቴ የሚሉትን ሥራ ሥር በቀቀሉ ቁጥር ትልቁ ለኔ ይወጣል። አንዳንዴ ዝም ብለው ያዩኝና “ጀባዱ፣ ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፤ በርቺ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ለፈተናው መስሎኝ “እሺ” እላለሁ። ከቤትም ስንቁ በጭነት መኪና እንደወትሮው ይመጣል፤ ሹፌሩ “ከሙላት ነው” ይለኛል፤ ብቻ ዓይኔን አያየኝም። ይህን ሁሉ ያኔ አላስተዋልኩም።

ለገና ዕረፍት በአይሱዙ ተጭኜ ወጣሁ። አንገር ቆላ ሲደርሱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። መንገዱን ሁሉ ለሙላት የምመልስለትን ግጥም ሳሰናዳ ነበር፤ ዘንድሮስ አልሸሽም ብዬ ቆርጬ ነበር። ኪራሙ ስወርድ የጠበቀችኝ አክስቴ ናት። “ዛሬ እኔ ጋ እደሪ” አለችኝ። ጎህ ሲቀድ ሰዎች በዝምታ እየተከተሉ ሲገቡ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። መርዶ መሆኑን የዚያን ጊዜ አወቅኩ፤ መርዶ በኛ አገር የሚረዳው በንጋት ነው። እናቴን መስሎኝ ነበር።

ሙላት ነበር። ወባ፣ በመስቀል ሰሞን። አርባው እንኳ ወጥቷል።

“ትምህርትሽ እንዳይሰናከል ብለን ነው፣ የኔ ዓለም” አለች አክስቴ። “እሱም ሲያጣጥር፣ ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎናል።” አዴ ጫልቱ ያውቁ ነበር፤ ሹፌሩ ያውቅ ነበር፤ ነቀምቴ ያለ የኪራሙ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ነን እኛ፤ ለሰው አዝነን ሐዘኑን እንደብቀዋለን።

ሴቶቹ ስለኔ ሲሉ እንደገና አለቀሱ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ? የነሱ እንባ ከሦስት ወር በፊት ወጥቷል፤ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ አልቃሿ ስለ ሙላት ያላትን ሁሉ ብላ ጨርሳለች። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ እንደደረሰ እንግዳ ቆምኩ። ወደ ቤት ሲወስዱኝ እናቴ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ድምፅዋ በልቅሶ ጠፍቶ፣ በር ላይ አቀፈችኝ። ምግብ ሲቀርብልኝ እመልሰዋለሁ፤ እንቅልፍ የለም፤ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል። መንደርተኛውም ማንሾካሾክ ጀመረ። “ከተማ አደረቃት” ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔም እውነት ደርቄ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ወንድሜን የማልወድ ሰው ሆኜ እንዳልቀር ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ሙላት ሳይታመም ነሐሴ መጨረሻ ላይ የዘራው ጤፍ ደረሰ። ጤፍ ከደረሰ ሰው ሞተ ብሎ አይጠብቅም፣ ይረግፋል። ጎረቤቱ ማንም ሳይጠራው ለደቦ መጣ። አያ ይመር፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ቀድመው ደረሱ። ኦቦ ቶሎሳ፣ የሙላት የልብ ወዳጅ፣ ከወዲያኛው ቀበሌ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። እናቴና እኔ ጠላና የስንዴ ንፍሮ ይዘን በማሳው ዳር ተቀመጥን።

ዝም ብለው ማጨድ ጀመሩ። የሐዘን ቤት ማሳ ላይ አይዘፈንም ብለው ነው፤ ለኛ ክብር ነው። የሚሰማው የማጭድ ድምፅ ብቻ፣ ኽርሽ፣ ኽርሽ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይዘገያል፤ አንዱ ቀድሞ ሲሄድ ሌላው ወገቡን ይዞ ይቆማል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሥራው ገና እዚያው ነበር። እንዲያ ያለ አሳዛኝ ደቦ በሕይወቴ አላየሁም።

ቀና ስል ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ማሳው በሙሉ ወደፊት ሲታጨድ፣ በስተቀኝ ዳር አንድ ቀጭን የጤፍ ረድፍ ብቻ ሳይነካ ቀርቷል። የአውራጁ ረድፍ ነው። ማንም እዚያ ሊቆም አልደፈረም፤ ተመካክረውም አይደለም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የተወው። ነፋስ ሲመጣ ያ ብቸኛ ረድፍ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ምን እንዳስነሣኝ አላውቅም። የእናቴን ማጭድ ከአጠገቧ አንሥቼ ሄድኩና በረድፉ መነሻ ላይ ጎንበስ አልኩ። አያ ይመር “ተይ ልጄ፣ እኛ እንጨርሰዋለን” አሉኝ። አንድ ጭብጥ አጨድኩ። ሁለተኛውን ስጨብጥ እውነትም ወገቤን አመመኝ፤ ያኔ የሱ ግጥም ራሱ ከአፌ ወጣ፣

“እስክሪብቶ ለምዶ ጣትሽ ለስልሶብሽ፣
ማጭድ ያዢ ቢሉሽ ወገብሽን አመመሽ!”

ድምፄ አያምርም፤ ዛሬም አያምርም። አጫጆቹ ባሉበት ደነገጡ። እኔ ግን የጀመርኩትን ማቆም አልቻልኩም። የተነቆረ ሰው መልስ አለበት፤ ለሙላት ደግሞ መልስ ሳልሰጠው ስንት ዓመት! በአይሱዙ ላይ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝና ሌላ መጣልኝ፣

“ወገቤንስ ተወው፣ ደኅና ነው ወገቤ፣
አንተን ሳልቀብርህ ነው የታመመው ልቤ።”

ከዚያ ከሰልፉ መካከል ኦቦ ቶሎሳ “ሆ!” አለ። ምናልባት ከልማድ ነው። አማርኛውን በሙሉ መስማቱንም እንጃ፤ ዜማውን ግን ያውቀዋል። ከሱ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከዚያ አያ ይመር፣ ከዚያ ሁሉም። “ሆ!” ማጭዶቹ ባንድ ጊዜ ገቡ። ያ “ሆ!” ከጀርባዬ ሲመጣ ደረቴ ላይ ያለው ነገር ሲነቃነቅ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ። መጣ ስል ዝም ብሎ አይደለም፤ አፍንጫዬን፣ አገጬን፣ የያዝኩትን ጤፍ ሁሉ አራሰው። እያለቀስኩ አወርዳለሁ፣ እያወረድኩ አጭዳለሁ። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። መልሼ ሙላትን መንቆሬን ግን አስታውሳለሁ፤ በትልቅ ጆሮው፣ ለጋብቻ ሲጠየቅ ጫካ በመደበቁ። ሰዎቹ “ሆ!” ይላሉ፣ ይስቃሉ፣ በክንዳቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

እናቴ መጥታ ከጎኔ ቆማለች። ከዚያ በተሰነጠቀ ድምፅዋ፣ ማንም ዳግመኛ እሰማዋለሁ ባላለው ድምፅ፣ አወረደች፦

“የዘራኸው ደርሶ አጫጆች ሲመጡ፣
ሁሉም ሞልቶላቸው ድምፅህን ብቻ አጡ።”

“ሆ!”

ረድፉን እሷና እኔ እየተቀባበልን ጨረስነው። ማሳው ከቀትር ብዙም ሳያልፍ አለቀ፤ ነዶው ተሰብስቦ ተከመረ። አያ ይመር በክምሩ ጥላ ሥር ተቀምጠው “አሁን ገና ሙላት ተለቀሰ” አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ “ቦኢ፣ ቦኢ፣ ኦቦሌቲ ኮ” አለኝ። አልቅሺ እህቴ ማለቱ ነው፤ እኔ ግን ጨርሼ ነበር።

ያን ጊዜ ራበኝ። እንዴት ያለ ረሃብ! ንፍሮውን በእፍኝ እየዘገንኩ ጎረስኩ። ጾም ነበርና ሌላ የሚበላ የለም፤ ቃሪያውን በጨው እየነከርኩ ጨረስኩት። እናቴ አየችኝና ሳቀች። “አጫጆቹን ልታስርቢብኝ ነው እንዴ!” አለችኝ። ያንን ሌሊት ፀሐይ እስክትሞቅ ተኛሁ። ሲነጋ ድንጋዩ ደረቴ ላይ አልነበረም። ሐዘኑ ነበረ፣ ግን ተሸክሜው የምሄድ ሐዘን ነበር።

ኪራሙ ከሄድኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። መንገዱ አያስተማምንም፤ ዘመዶቼም ወዲያና ወዲህ ተበትነዋል። “የወንድምሽን መቃብር ሳታይ እንዴት ቻልሽው?” የሚሉኝ አሉ። ቻልኩት። እሱን በጊዜው አልቅሼ ሸኝቼዋለሁ፤ መንገድ ቢዘጋም ያ አይሻርም።

የከበደኝ ሞቱን የደበቁኝ ነገር ነው። አዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ አለችኝ፤ ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ ይህን ነገርኳት።

“እኔ የሞትኩ ዕለት፣ ፈተና ላይ ሁኚ ስብሰባ ላይ፣ ያኔውኑ ይነግሩሻል። ሰው ሁሉ ቃል ገብቶልኛል። መጥተሽም ታወርጂልኛለሽ።”

“ውይ እማ፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው! ደግሞ እኔ ሙሾ አላውቅም። ምን ብዬ ነው የማወርድልሽ?”

“ስታኮርፊ የምትሰድቢኝን ነዋ።”

“ሽንኩርት አታሳርሪም ወይ፣ ስልክ ስናወራ ካልጮህሽ የምሰማሽ አይመስልሽም ወይ፣ እንደዚያ ብዬ?”

“እንደዚያ።”

በሣቅ ፈነዳች። ሣቁ ረዘም አለና መሐል ላይ ተለወጠ። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

“አየሽ?” አልኳት። “ታውቂበታለሽ።”