ቅቤ የበላው መስታወት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በአዲስ መኪናዋ አሳፈረችኝ። ስዊቹን በጣቷ ነካ ስታደርገው የመስኮቱ መስታወት ኮሽታ ሳያሰማ ወጥቶ ግጥም አለ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች፤ እኔ ግን ምን ልበልህ፣ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ቀረ። የሻገተ ቅቤና የአቧራ ሽታ ከየት እንደመጣ እንጃ አፍንጫዬን ሞላው።

ያኔ ጂንካ ነበርን። ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ልጅ ነበርኩ። አባቴ በአሮጌ መኪናው ወደ ካኮና አልዱባ ገበያ ሰውና ጭነት ያመላልሳል። እናቴ አስም ነበረባት። ያን ሰሞን በጣም ጠናባት፤ አርባ ምንጭ ያለ ሐኪም ሊያያት ቀጠሮ ሰጠን። በቀጠሮው ዋዜማ ጠዋት ልንነሳ ስንል የኋላው በር መስታወት ወርዶ ቀረ። ስዊቹን ብንጫነው በሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ሞተር ያቃስታል እንጂ መስታወቱ ንቅንቅ አይልም። ያንን ሁሉ ኮረኮንች በክፍት መስታወት መሄድ ደግሞ እናቴን በአቧራ ማፈን ነበር።

"ላስቲክ እንለጥፍና እንሂድ በቃ!" አልኩ።

"ወይጦ ሳንደርስ ነፋስ ይበጣጥሰዋል። ታገሽ" አለኝ አባቴ።

መታገሱን ከየት ላምጣው? እናቴ ማንጎው ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የትንፋሿ ሲርሲርታ እስከ መኪናው ይሰማል። አባቴ ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። የሌላውን በር ስዊች ፈትቶ ቀየረ፤ ያው ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ የበሩን ሽፋን ነቀለና ሞተሩን ከመስታወቱ አላቀቀው። "ተጫኚው" አለኝ። ሞተሩ እንደ ጤነኛ ዞረ።

"እሱስ ደህና ነው። መስታወቱን የያዘው ነገር አለ" አለ።

መስታወቱ የሚወጣና የሚወርድበትን የበሩን የጎማ ቦይ በካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቀው የደረቀ ቀይ ጭቃ የመሰለ ነገር ተቀረፈ። አሸተትኩት።

"አባዬ፣ ይሄ ቅቤ አይደለም እንዴ?"

አባቴ አንገቱን ደፋ። "ሲጢጥ እያለ አስቸገረኝ፤ ያለሰልሰዋል ብዬ ነው" አለ። ለካ ከአልዱባ በገዛው ቅቤ ጎማውን ሲቀባ ከርሟል። አቧራው እዚያ ላይ እየተለጠፈ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል።

እናቴ ከማንጎው ሥር ሰምታዋለች። "እኔ ቅቤው ሲጎድል በድመቷ ሳሳብብ! ለካ መስታወት ነው የሚበላው!" ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም።

ጎማውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብነው፣ አደረቅነው፣ በቅቤው ፈንታ ሻማ አሸንበት፣ ሞተሩንም መልሰን ገጠምነው። መስታወቱ እያመነታ ወጣና ተዘጋ። "ነይ ግቢ" አለ አባቴ፣ በሩን ለእናቴ ከፍቶ።

መኪናው ውስጡ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እናቴ ግን ትተነፍሳለች። ካኮ ስንደርስ ከገበያ የሚያውቋት ሴቶች እየሮጡ መጡ።

"መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ፣ ሰላም ልበላቸው" አለችኝ እናቴ።

"አይሆንም! ስንመለስ ሰላም ትያቸዋለሽ" አለ አባቴ። መኪና አልፎን አቧራው ገና አልበረደም ነበር። እሷ በመስታወቱ ውስጥ እጇን አውለበለበች፤ የምትላቸውን እነሱ አልሰሙም፣ የሚሏትንም እሷ አልሰማችም።

ሐኪሙ በደንብ አያት፤ መድኃኒትም ሰጣት። "ወደዚያ አቧራ ግን እንዳትመልሷት" አለን። አርባ ምንጭ እህቷ ዘንድ ቀረች። አባቴ እንጀራው ያ መንገድ ነው፤ የት ይሂድ? አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል አሉ፤ ለእሷ ግን አልደረሰላትም።

ስንመለስ ኮንሶን እንዳለፍን አባቴ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አወረዳቸው። አቧራው ገብቶ ፊታችንን ሸፈነው።

"አባዬ፣ ዝጋው እንጂ" አልኩት።

"ይግባ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "አሁን ማን ያስላል?"