ተራራው ላይ የተዘራው ሣር

ቶር ፒኛታራ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት ስወጣ ከታች ያለው የባንግላዲሽ አትክልት ሻጭ ሳጥኖቹን እያወረደ ነው። መንገዱ ማታ የፈሰሰ ቢራና ያለፈበት ሐብሐብ ይሸታል። በነሐሴ የሮማ ሰው ባሕር ዳር ስለሚወርድ የኛም ሰፈር ጸጥ ይላል። እኔ የምጠብቃቸውን አሮጊት ሲኞራም ልጆቻቸው ይዘዋቸው ሄደዋል፤ ስለዚህ የራሴ ቀን አለኝ። ቀኑን የሰጠሁት ለአባ ተካ ነው።

አባ ተካ ከኢትዮጵያ መጥተው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተራራ ዕፅዋት የሚያጠኑ የካቶሊክ ካህን ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ የዘገየ ጊዜ ቢሮ ለቢሮ ይዘውኝ የዞሩት እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ ጉልበታቸውን ስላመማቸው፣ መሬት ላይ ሆነው የሚጠሩትን የተክል ስም ቆሞ የሚጽፍላቸው ሰው ፈለጉ።

«እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ አባ» አልኳቸው።

«ሣሮቹም አልተማሩም፣ ሰናይት፤ ትግባባላችሁ።»

ቲቡርቲና

ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካርቶን ላይ ያደሩ ስደተኛ ልጆች ፊታቸውን በጠርሙስ ውሃ እየታጠቡ ነው። አባ ከአንዱ ጋር በትግርኛ ሲያወሩ ደረስኩባቸው። ትከሻቸው ላይ የሚታጠፍ የእንጨት ፍሬም ተንጠልጥሏል፤ ሲዘረጋ ሲባጎ እንደ ወንፊት የተወጠረበት ትልቅ መስኮት ይመስላል። የሪየቲ አውቶቡስ ሾፌር ትክ ብሎ አየው።

«ፓድሬ፣ አልጋ ይዘው ነው የሚሄዱት?»

«የሣር አልጋ ነው።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፤ ሣሩ ትኬት ከቆረጠ ይግባ።»

ሳላሪያ መንገድ

ቢጫ ማሳ፣ የወይራ ዛፍ፣ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ፣ ጥላ ሥር የተከመረ ሐብሐብ። በመስኮት የሚገባው ንፋስ ከወዲሁ ትኩስ ነው። አባ ሥራውን አስረዱኝ። ከሪየቲ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ጫፍ አካባቢ አራት ቦታ መርጠው፣ በየማዕዘኑ የብረት ችንካር ተክለዋል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ፍሬሙን እዚያው ያጋድሙና ከሲባጎው በታች ያለችውን እያንዳንዷን ተክል በስሟ ይመዘግባሉ። አየሩ ሲሞቅ የታችኛው አገር ሣር ወደ ላይ ይወጣል። ብርድ የለመዱት የጫፍ አበቦች ግን ከዚያ በላይ መሸሻ የላቸውም።

«እንደኛ ነዋ» አልኩ። «ኪራይ ከመሀል ከተማ ገፍቶን ቶር ፒኛታራ ገባን። ከዚያም ከገፋን ወዴት ነው?»

«ከአበቦቹ ጋር ተራራው ላይ» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። ዘንድሮ የመጨረሻው ልኬት ነው። ይህ ሲሞላ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስገቡና አለቆቻቸው ወደ አገር ቤት ይመልሷቸዋል። ሐሳባቸው ባሌ ተራራ ላይ እንዲሁ ችንካር ተክለው መለካት ነው። ካልሞላ ግን የሚመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው።

ተራራው ላይ

ሪየቲ ላይ አውቶቡስ ቀየርን። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ቀሪውን በገመድ በተንጠለጠሉ ወንበሮች ወጣን፤ በክረምት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን የሚያመላልሱ ናቸው። ማመላለሻው የአንድ ኩባንያ ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች በነጻ ያወጣል። እግሬ ሥር ባዶ ነበርና ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።

ከላይ ያሉት ሁለቱ ቦታዎች እንዳሉ ነበሩ። ነጭ ድንጋይ፣ በድንጋዩ መሀል እንደ ትንሽ ትራስ ያበጠ አረንጓዴ ተክል፣ ከጥፍር የማይበልጡ አበቦች። አባ በላቲን ይጠራሉ፣ እኔ በአማርኛ ፊደል እጽፋለሁ። ንፋሱ እጄን አደነዘዘው፤ ቢሆንም ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ሁለቱ የታችኞቹ ወዳሉበት፣ ወደ ማመላለሻው አቅጣጫ ወረድን። አባ ድንገት ቆሙ።

ቦታው እንደ ኳስ ሜዳ አረንጓዴ ሆኗል። እኩል የበቀለ፣ ለስላሳ፣ ረጅም ሣር። አጠገቡ አዲስ ሰሌዳ ቆሟል፤ «እዚህ ተፈጥሮን እንመልሳለን» ይላል። ኩባንያው በረዶ መንሸራተቻው በበጋ ለጎብኚ እንዲያምር የሜዳ ሣር ዘር ከማዳበሪያ ጋር ረጭቶበታል። አባ ተንበርክከው በጣታቸው እየዳበሱ ችንካሩን ከሣሩ ሥር አገኙት። አልተነቀለም። በላዩ ላይ ነው የዘሩበት።

ደሜ ፈላ። አንድ ሰው አበባ ቢቀጥፍ ጠባቂ ይቆጣዋል፤ እነዚህ ግን ያለውን አፍነው ሲያበቁ መለስን ብለው ሰሌዳ ይተክላሉ። ደግሞም ከሙቀቱ የተነሳ በራሱ መውጣቱ የሚጠናውን የታች አገር ሣር በእጃቸው አምጥተው ዘሩት። ከእንግዲህ በራሱ የወጣውን ከተዘራው ማን ይለየዋል?

አባ አስተማሪያቸው ለሆነችው ፕሮፌሶሬሳ ደወሉ። ድምፅዋ ይሰማኛል።

«ሁለቱን ተዋቸው፤ ጽሑፉ በላይኞቹ ብቻ ይጻፍ። ኩባንያውን ደግሞ እንዳታነሳው፣ ማመላለሻውን ይከለክለናል።»

«እሺ፣ ፕሮፌሶሬሳ» አሉ አባ። ይህም አናደደኝ።

ምግብ ቤቱ

የኩባንያው ኃላፊ ከሩቅ አይቶን እጁን ዘርግቶ መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ደግ ፊት። ምሳ ካልበላችሁ ብሎ ያዘን። አባ «አይ፣ አይቸግርህ» እያሉ ሦስት ጊዜ እምቢ አሉ፤ በአራተኛው ግን እምቢ ማለት ነውር መሰላቸውና ገባን። ፖሌንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ከነቋሊማው፣ አይብ፣ ቀይ ወይን። ይሉኝታ ያሰረን እዚያ ነው። የኛ ሰው የቀረበለትን ከበላ በኋላ ባለቤቱን ፊት ለፊት አይወቅስም። አባ በጎረሱ ቁጥር የሚሉት ነገር አብሮ ሲዋጥ ይታየኝ ነበር።

ሰውዬው ስልኩን አወጣ። «ፓድሬ፣ አንዲት ፎቶ። ከአፍሪካ የመጣ ካህን አዲሱን ሣራችንን ሲለካ። ሰው ይወደዋል።»

አባ ኮሌታቸውን እያስተካከሉ ፎቶ ሊነሱ ተዘጋጁ። እኔ ሱቅ ገብቼ ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ የማፍር ሰው ነኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«አይነሱም» አልኩት።

«ለምን፣ ሲኞሪና?»

«የዘራችሁት እሳቸው በሚለኩት ላይ ነው።»

«ተራራው ሰፊ ነው፤ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይለኩ።»

«ችንካሩን አላያችሁም?»

«ሠራተኞቹ ሳያዩት አይቀሩም። አሎራ፣ እንግዲህ ሲሚንቶ አላፈሰስንም፤ ሣር ነው የዘራነው።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። የባሰ ያበገነኝም ይኸው ነው።

ውጭ እንደወጣን አባ ተቆጡኝ። «የሰው ማዕድ ላይ፣ ሰናይት?»

«ባይበሉለት ኖሮ እርስዎ ይሉት ነበር።»

አፌን ከከፈትኩ በኋላ ድፍረቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። አባ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ጽሑፉን እንደገና አነበቡና «ፍሬሙን አምጪው» አሉ።

«ተዋቸው ብለዋል እኮ።»

«የጠፋውን ከቁጥር ካወጣን ተራራው ደህና ነው ብለን መመስከራችን ነው። እኔ እንደዚያ ያለ ምስክርነት አልሰጥም።»

በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ፍሬሙን በችንካሮቹ መሀል ዘረጋን። የተዘራውን ሣር ስም ጠሩ፣ ጻፍኩ። አሁንም ጠሩት፣ ጻፍኩ። ከሲባጎ ወደ ሲባጎ ሲያልፉ ያው ስም ነው፤ ድምፃቸው እየሻከረ ሄደ። አልፎ አልፎ ሣሩን በሁለት እጃቸው ከፈል ሲያደርጉ ከሥሩ ቢጫ የሆነች፣ ብርሃን ያጣች ትራስ ትገኛለች። ያን ጊዜ ስሟን ቀስ ብለው፣ አጥርተው ይጠሩታል። ኃላፊው ከምግብ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ያየን ነበር። ቀና ብለን አላየነውም።

ቲቡርቲና፣ ሲመሽ

ስንመለስ አባ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ እግራቸውን እንደዘረጉ ሮማ ገባን። አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ገና ይተፋል። እዚያው ጣቢያው ውስጥ ቆመው ለፕሮፌሶሬሳዋ ደወሉ።

«አራቱንም ለክቻለሁ። አራቱም ይገባሉ። ማን እንደዘራውም ይጻፋል።»

እንደዚያ ከሆነ ጽሑፉ ዘንድሮ አይገባም፣ ሁሉም እንደገና መታየት አለበት አለች። አለቆችህስ አንድ ዓመት ይጠብቁሃል ወይ አለች።

«እጠይቃቸዋለሁ። ካልጠበቁኝም የጻፍኩትን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ማመላለሻውስ? ከልክለውን በእግር እንውጣ?»

አባ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «እኔ በእግሬ እወጣለሁ» አሉ።

የኛ ሰው ስልክ ለመዝጋት «እሺ፣ ደህና ሁኑ፣ እሺ» እያለ በር ላይ እንደቆመ እንግዳ ይቆያል፤ አባ ደግሞ ከሁላችንም ይብሳሉ። ሴትዮዋ ገና እየተናገረች ነበር። አባ ዘጉት።