የምስጋናው ጠርሙስ

የአፍራኮማ እጆች እስከ አንጓዋ ድረስ ጥቁር ነበሩ። ሳሙናም ሎሚም አያስለቅቃቸውም። ሥራዋ የሐዘን ልብስ ማጥቆር ነበር። ከተማችን ኩማሲ ውስጥ ሰው ያልሞተበት የለም፤ የሐዘን ጨርቅ ደግሞ በታጠበ ቁጥር ይገረጣል። የገረጣ ጥቁር ለብሶ ቀብር የሄደ ሰው ሟቹን ንቋል ይባላል። ስለዚህ ቅዳሜ ሳይደርስ ሰዉ ጨርቁን እየጠቀለለ አሽ ታውን ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሽማግሌው አጄኩም ግቢ ይመጣ ነበር።

አፍራኮማ የእናቴ እኅት ናት፤ እናት ብዬ የጠራሁት ግን እሷን ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝም ያ ቀለም ነው። እዚያ ግቢ አንዲት ክፍል ስትከራይ እኔ ገና አልተወለድኩም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ አስቀድማ ከፈለች፤ ከዚያ ሌላ ስትወጣ የሚመለስላት መያዣ ሰጠች። ሽማግሌው አጄኩም በበሯ ባለፉ ቁጥር ይቀልዱ ነበር።

«ገንዘብሽ እኔ ዘንድ ነው። ስትወጪ ትወስጂዋለሽ።»

«እርስዎ ቀድመው ካልወጡ» ትላቸዋለች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ እሷን የያዛት ክፍሏ አልነበረም። ከቤቱ ጀርባ ጥላ የማያርፍበት ባዶ መሬት አለ። የዛፍ ሥር ልጥ እዚያ በበርሜል ትቀቅላለች፣ ጨርቁን ትነክራለች፣ መሬት ላይ ዘርግታ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ እንደገና ትነክራለች። ኩማሲ ውስጥ ክፍል ፈልጎ አይታጣም። ፀሐይ የሚመታው ባዶ መሬት ያለው ግቢ ግን በየዓመቱ ሱቅ እየተሠራበት ሊያልቅ ነበር። ያንን ግቢ ካጣች ሥራዋን አጣች ማለት ነው። ይህን ተከራዮቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ይያዶምም ያውቃል።

ይያዶም የሽማግሌው የእኅት ልጅ ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ፣ በእኛ ወግ የቤተሰብ ቤት በእናት ወገን ይወረሳልና ለልጆቻቸው ሳይሆን ለእሱ ደረሰ። በቀብራቸው ቀን የለበሰውን ጨርቅ ያጠቆረችለት አፍራኮማ ናት፤ ዋጋም አልተቀበለችውም። አርባቸው እንዳለፈ ተከራዮቹን ግቢው መሐል ሰበሰበ።

«ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ነው» አለ። «የሁለት ዓመቱ ደግሞ በቅድሚያ ይከፈላል።»

ከአፍራኮማ ክፍል ትይዩ የሚኖረው ጫማ ሠሪው ላርቢ እጁን አወጣ። «ጣሪያውስ? እሱም እጥፍ ሊያፈስ ነው ወይስ እንደ ድሮው?»

ሰዉ ሳቀ። ይያዶም አልሳቀም። «ካፈሰሰብህ ውጣና ደረቅ ቦታ ፈልግ።»

«ልጄ» አለች አፍራኮማ፣ «አጎትህ እንዲህ አላሉንም።»

«አጎቴ ሞቷል፣ እማማ። ቀብሩ ላይ ነበርሽ አይደል?»

በማግስቱ የኪራይ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ይዣት ሄድኩ። መኮንኑ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ሳያቋርጣት አዳመጣት።

«በራሱ ፈቃድ መጨመር አይችልም» አላት። «እኔ መጥቼ ቤቱን አይቼ ካልገመትኩ በቀር የሚከፈለው የድሮው ኪራይ ነው። የሁለት ዓመት ቅድሚያም ክልክል ነው፤ ከስድስት ወር አያልፍም።»

«ክፍሌ ላይ ቁልፍ ቢያንጠለጥልስ?»

«ፍርድ ቤት ሳያዝ በርዎን አይነካም። አርፈው ሥራዎን ይሥሩ፣ እማማ። እሱን እኔ እጠራዋለሁ።»

መንገድ ላይ «ደግ ልጅ ነው» አለች። «ሱሪው ግን ገርጥቷል፤ መነከር አለበት።»

የመጥሪያው ወረቀት ይያዶም እጅ ደረሰ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻውን መጣና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«እማማ፣ እኔና እርስዎ በቢሮ የምንካሰስ ሰዎች ነን? አጎቴ ከመቃብር ቢሰማ ምን ይላል? ማንም አያስወጣዎትም። ይኑሩ። ግቢውም የእርስዎ ነው።»

«ኪራዩስ?»

«ምን ያጣድፈናል? ቀስ ብለን እንነጋገራለን።»

እኛ ዘንድ በጎ የተደረገለት ሰው በማግስቱ ጧት ሄዶ ካላመሰገነ ባለጌ ነው። ምስጋናው ደግሞ በባዶ አፍ አይሆንም፤ የመጠጥ ጠርሙስ ይያዛል፣ ምስክር ይቀመጣል፣ ይጠጣል። መሬት ሲሸጥ፣ ሚስት ስትሰጥ፣ ጠበኞች ሲታረቁ ነገሩን የሚያስረው ይኸው ነው። ያልተመሰገነበት ነገር አይጸናም፤ የተመሰገነበት አይፈርስም። አፍራኮማ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። እሷ ያሰበችው ይኑሩ ስለተባለች ማመስገኗን ነው።

ሰኞ ጧት ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልላ ስትወጣ ላርቢ አያት።

«ምን ብለሽ ልታመሰግኚው ነው? ሳትረግጠኝ ስላለፍክ ብለሽ?»

«ዝም በል አንተ። እናትህ ማመስገን ሳታስተምርህ ነው መርፌ ያስጨበጠችህ።»

«እሺ፣ ለእኔም አመስግኚልኝ። ጣሪያው ስላልወደቀብኝ በይው።»

በእሷ ፈንታ የተናገሩት ወንድሟ፣ የቤተሰባችን አለቃ አጎቴ ቦአማ ናቸው። ሲደርሱ ይያዶም ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጦ ጠበቃቸው። ጠርሙሱ ሲቀርብ «ምስጋናው ስለ ምን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ስለ ቤቱ ጉዳይ» አሉ አጎቴ። «እኅቴን ስለተቀበልክልን።»

«ስለ ቤቱ ጉዳይ» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ደገመላቸው። ተቀዳ። ለሙታን መሬት ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ጠጡ፤ አፍራኮማም ከንፈሯን አረጠበች።

በቀጠሮው ቀን ይያዶም ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዞ ቢሮ ገባ። ብዙም አልተናገረም። «ጭማሪውን ሰው ባለበት ነግሬያታለሁ። ከዚያ በኋላ መጥታ አመስግናለች። እነዚህ ጠጥተዋል።»

መኮንኑ ወደ አፍራኮማ ዞረ። «እማማ፣ ጠርሙስ ይዘው ሄደዋል?»

«ሄጃለሁ። ግን ያመሰገንኩት...»

«ስለ ቤቱ ጉዳይ ተብሏል?»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣልቃ ገባሁ። ያለ ግምት ጭማሪ የለም ያልከው አንተ ነህ አልኩት። አላየኝም።

«ሕጉ ለተጣሉ ሰዎች ነው» አለ። «እነዚህ ተስማምተዋል እየተባለ ነው። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ። የተጠጣ ምስጋና ይመለስ ብዬ በሽማግሌ ፊት ልናገር? ካልተዋጠላችሁ ፍርድ ቤት አለ።»

ጠበቃ ላናግር ብዬ ለመንኳት። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ሸንጎ ቆሜ ምስጋናዬን ልካድ? ከዚያ ወዲያ ማን ጨርቁን ይሰጠኛል?»

የሁለት ዓመቱን ቅድሚያ ልትከፍል አልቻለችም። ዝናቡ ሳያባራ ወጣች። መያዣዋን ስትጠይቅ ይያዶም ጀርባውን ግቢ በጣቱ አሳያት።

«ግድግዳውን አጥቁረሻል፤ መሬቱንም አጥቁረሻል። ለማጽጃው አይበቃም።»

ሱዋሜ የሚባል ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ክፍል አገኘን። በረንዳው ለጎረቤት ልብስ ማስጫ እንኳ አይበቃም። ደንበኞቿ እስከዚያ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ ጨርቃቸውን ሳይፈቱ ይመለሳሉ። እጇ ቀስ በቀስ ነጣ። መጀመሪያ አንጓዋ፣ ከዚያ መዳፏ፣ በመጨረሻ ቀለሙ ጥፍሮቿ ሥር ብቻ ቀረ። ልጅ ሳለሁ ጭንቅላቴ ላይ የምታሳርፈውን እጅ ያለ ቀለም አይቼው አላውቅም፤ አሁን የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ደረቷን ታመመች።

ስለ መያዣው አቤቱታ ያስገባሁት ያኔ ነው። መኮንኑ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ያስከፍለዋል። ሽማግሌው ሥራዋን እያወቁ አከራይተዋታል። ቀለም ተደፋ ብሎ ሊያስቀር አይችልም።» ቀን ቆረጠልን። ቀኑ ሳይደርስ ሞተች። ሬሳዋን ስናጥብ እጆቿ ንጹሕ ነበሩ።

ይያዶም ቀብር መጣ። የለበሰው ያንኑ ለአጎቱ ያጠቆረችለትን ጨርቅ ነው፤ ገና አልገረጣም። እርዳታ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ጎንበስ ብሎ ገንዘብ ሰጠ፤ አስተዋዋቂው ስሙንና የገንዘቡን ልክ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። የመያዣዋን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰዉ አጨበጨበ። ላርቢ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

«ስጡ ይሰጣችኋል ማለት ይህ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ውሰዱ የሚለው ብቻ ነው የቀረው።»

ሰኞ ትልልቅ ለጋሾችን ዞሮ ማመስገን የቤተሰቡ ግዴታ ነው። አጎቴ ቦአማ ጠርሙስ ይዘው መጡ።

«ተነሺ፣ ይያዶም ጋ እንሂድ።»

«አጎቴ፣ የሰጠን የራሷን ነው።»

«ይሁን። ሰው ሰምቷል። ባንሄድ ምን እንባላለን?»

«ብንሄድ እሱ ምን እንደሚል ልንገርዎት?»

«ልጄ፣ አንቺ ወረቀት ተምረሻል። ሙት የሚቀበረው ግን በሰው ነው።»

አልሄድኩም። «ስለ ቀብሩ ብቻ ይበሉ» አልኳቸው። «ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ።» እሺ አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ስለ ቀብሩ ብቻ አመሰገኑ። ያው ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ይያዶም ጠየቃቸው።

«እንግዲህ በቤታችሁና በቤቴ መካከል የቀረ ነገር የለም?»

የእኅቱን አፈር ገና ከእግሩ ያላራገፈ ሰው፣ እጁ ላይ የምስጋና ጠርሙስ ይዞ፣ «አለ» ይላል? አጎቴ «ምንም የለም» አሉ። ጠጡ።

በቀጠሮው ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ይያዶም ሽማግሌዎቹን ይዞ መጥቷል። መኮንኑ የአፍራኮማን ስም ጠራ፤ ሞታለች አልኩት። በሁለቱ ቤት መካከል የቀረ ነገር የለም ተብሎ ተጠጥቷል ያሉትን ሽማግሌዎች ሰማ። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ።

«ቤተሰቡ አመስግኗል?»

መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ የሆነውን ሆነ ከማለት ሌላ አላውቅም።

«አመስግኗል» አልኩ።

መዝገቡን ዘጋው።

ስመለስ በአሽ ታውን በኩል አለፍኩ። የጀርባው ግቢ ሲሚንቶ ፈሶበታል፤ መኪና ቆሞበታል። ላርቢ ደጃፉ ላይ ጫማ ይሰፋል። እጥፉን እየከፈለ ነው።

«ያፈሳል?» አልኩት።

«ያፈሳል። ግን እንግዳ አይደለም፤ እንተዋወቃለን።»

የሙት ዓመቷ ሲደርስ የሐዘን ጨርቄን ከሣጥን አወጣሁ። ገርጥቷል። የሚያጠቁርልኝ ሰው ፈልጌ ነበር፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅላቸው የሚሹ ሁለት ሴቶች በፋብሪካ ቀለም እንንከርልሽ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። እንዳለ ለበስኩት። ለሙት ዓመቷ የመጡት ሰዎች ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፤ አንዷም ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። ንቃታለች ይበሉ።