ሲሊንጋ ያልገለጠችው አንሶላ

ሲሊንጋ የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሁለቱ ደብዳቤዎች በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልለው ከመጽሐፍ ቅዱሷ ኋላ ተቀምጠዋል፤ በደሴቲቱ ከተማ በፓጎ ፓጎ ዝናብ ያልተጠቀለለ ወረቀት ዓመት አይከርምም። አንደኛው የግንቦት ነው፣ ሌላው የመስከረም። ሦስተኛውን ከወደቀች የአንድ ዓመቱን ትምህርት እንደገና ሀ ብላ መጀመር ይኖርባታል። ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው። ሀ ብላ እንደማትጀምር እሷም ቤተሰቧም ያውቃሉ።

በሆስፒታሉ የወንዶች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ሆና ሠርታለች። በሽተኛ አጥባለች፣ አገላብጣለች፣ አጉርሳለች፣ የሞተ ሰው ዓይን ከድናለች። በበሽተኛ ካርድ ላይ መጻፍ ግን አይፈቀድላትም ነበር። ረዳት ያየችውን ለነርሷ ትነግራለች፤ ነርሷ ደግሞ ተገቢ መስሎ የታያትን ትጽፋለች። ሲሊንጋ ፈቃዱን የፈለገችው በካርዱ ላይ በራሷ እጅ ለመጻፍ ነበር። ምክንያቷን ለሚጠይቋት ሁሉ ግን «ለጡረታዬ ነው» እያለች ታልፍ ነበር።

የምታስጠናት የሟች ወንድሟ የአፔራሞ ልጅ ፌቱ ነበረች። ፌቱ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ግድግዳ በሌለው የቤተሰቡ ክፍት ቤት ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ ፌቱ ታነባለች፣ ሲሊንጋ ትመልሳለች።

«አንድ በሽተኛ ደረቴን ጨነቀኝ ብሎ ደወለ። ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ሀ፣ ሐኪም ትጠራለች። ለ፣ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ታያለች። ሐ፣ ለቤተሰቡ ትነግራለች። መ፣ አይዞህ ትለዋለች።»

«ሐ» አለች ሲሊንጋ።

«ኧረ አክስቴ!»

«ምን ሆንሽ? ሚስቱ እኮ አልጋው ሥር ተኝታለች። ረግጫት ልለፍ?»

«ፈተናው ውስጥ ሚስት የለችም።»

«ሰው ብቻውን ታሞ ብቻውን የሚተኛበት፣ ይሄ ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው?»

ፌቱ ሳቀችና በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አደረገች። «ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ወላጅ አምጪ ነበር የምልሽ።»

«ወላጆቼ ከቤቱ ጀርባ መቃብር ውስጥ ናቸው። ሂጂና ንገሪያቸው።»

ፈተናው ስድስት ሳምንት ሲቀረው ፌቱ የተሳሳቱትን ብቻ በሌላ ደብተር ገልብጣ መጣች። ሦስት መቶ ጥያቄ ተሠርቷል፤ ሰባ አንዱ ተስቷል። ደብተሩን በምንጣፉ ላይ ዘረጋችው።

«አክስቴ፣ ችግርሽ እንግሊዝኛው አይደለም። ከሰባ አንዱ ሃምሳ ሦስቱ አንድ ዓይነት ስህተት ናቸው። ራስሽ ማየት ሲገባሽ ለሌላ ሰው ትነግሪያለሽ። ለሐኪም፣ ለሚስት፣ ለሌላ ረዳት። መንገር እንጂ ማየት የለም።»

«ረዳት ስትሆኚ ሥራሽ መንገር ነው።»

«ይሁን። ይሄንንስ ምን ትይዋለሽ?» ፌቱ ገጹን ገለጠች። «ስኳር ስላለበት በሽተኛ እግር የሚጠይቁ ሰባት ጥያቄዎች አሉ። ሰባቱንም ስተሻል። በዚህ ደሴት ስንት እግር አጥበሻል? እግር የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ሲሊንጋ ደብተሩን አየችው። ከዚያ፣ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ለማንም ያልተናገረችውን ለአፔራሞ ልጅ ነገረቻት።

አፔራሞ ሆስፒታል የገባው መጋቢት ስድስት ቀን ነው፤ ትኩሳትና ሳል ብሎ። የተኛው በዘጠኝ ቁጥር አልጋ፣ እኅቱ በምትሠራበት ክፍል ነበር። በአገሩ ባህል እኅትና ወንድም ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ምንጣፍ አይጋደሙም፤ እኅት የወንድሟን ገላ አታይም፣ እሱም በእሷ ፊት ነውር ቃል አያወጣም። ስለዚህ ሲሊንጋ ዘጠኝ ቁጥርን እንዲያጥብላት ኢዮኤሉ ለሚባለው ረዳት ሰጠችው። አፔራሞ የቤተሰቡን የአለቅነት ማዕረግ የተሸከመ ሰው ነበርና ኢዮኤሉንም «ራሴ እታጠባለሁ» ብሎ መለሰው። በካርዱ ላይ የሦስቱ ቀን ጽሑፍ አንድ ነው፦ «ምንም ቅሬታ የለውም።»

«በሁለተኛው ቀን ሾርባ ይዤለት ሄድኩ» አለች ሲሊንጋ። «ሽርጡን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አውርዶ፣ አንሶላውን ከላዩ ደርቦበታል። ሸተተኝ። ፌቱ፣ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ጨለማ ውስጥ እንኳ ቢሆን ከየትኛው አልጋ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስኳር እንዳለበትም አውቃለሁ። እግርህ እንዴት ነው አልኩት። ደህና ነው እኅቴ አለኝ። እኔም ሾርባውን አስቀምጬ ሄድኩ።»

«ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለኢዮኤሉ ሲመችህ እግሩን እይለት አልኩት። ሲመችህ ነው ያልኩት። በማግስቱ ኢዮኤሉ እረፍቱ ነበር። ለሲስተር ኦኔሳ መናገር እችል ነበር፣ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ግን ወንድሜ ይሸታል ብዬ በሰው ፊት... በአራተኛው ቀን ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠው። ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። የቀረውን ታውቂዋለሽ።»

የቀረው፣ የእግሩ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቶ አፔራሞ በዘጠነኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ማረፉ ነው። በዚያ ካርድ ላይ የሲሊንጋ ስም አንድም ቦታ የለም።

ፌቱ ቀዩን እስክሪብቶ ደብተሩ መሀል አስገብታ ዘጋችው። ጫማዋን ደረጃው ላይ ሳታስር ተጫምታ በዝናቡ ወጣች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሲሊንጋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ቀድማ ተቀምጣ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም። በሁለተኛውም ቅዳሜ ቀረች። ሲሊንጋ ብቻዋን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ድምጿን አውጥታ አነበበች፤ መልስ ግን አልመለሰችም። ፈተናውን መሰረዝ ይቻል እንደሆነ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠየቀች። ይቻላል አሏት። ቅጹን ተቀብላ እጥፍጥፍ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፌቱ መጣች። ፀጉሯ ከዝናቡ ውሃ ይንጠባጠባል። ከአክስቷ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ደብተሩን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ያን ቀን ብትገልጪበት አባቴ ምን ይል ነበር?»

«ይቆጣ ነበር።»

«በጣም?»

«አባትሽን እያወቅሽው! እስከ ሞቱ አያናግረኝም ነበር።»

«እስከ ዛሬ ይቆጣ ነበር ማለት ነው» አለች ፌቱ። «እዚህ ተቀምጦ ፊቱን አዙሮብሽ፣ እኔ በመሀላችሁ እየተላላክሁ።»

ሲሊንጋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከወንድሟ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች። ፌቱ አላባበለቻትም። እስክታበቃ ጠብቃ ደብተሩን ከፈተች።

«አሁን ስሚኝ። ሰው በተቀመጠበት ፊት ስታልፊ ምን ትያለሽ?»

«ቱሎ» አለች ሲሊንጋ፤ በእነሱ ቋንቋ «ይቅርታ» ማለት ነው።

«ከሰው ራስ በላይ እጅሽን ስትዘረጊስ?»

«ያው ቱሎ ነው እንጂ። ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።»

«ትያለሽ፣ ከዚያ ታልፊያለሽ። ብለሽ ቆመሽ አትቀሪም። እዚህም እንደዚያው ነው። ቱሎ በይና ግለጪው።»

«ቱሎ የሚል ምርጫ እኮ የለም።»

«እሱን ከራስሽ ጨምሪበት። እነሱ ስለማያውቁት ነው ያልጻፉት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሊንጋ እያንዳንዱን ጥያቄ አንብባ ጎንበስ ትላለች፣ በዝቅተኛ ድምፅ «ቱሎ» ትላለች፣ ከዚያ በሽተኛውን የሚያየውን መልስ ትፈልጋለች። ከመጨረሻዎቹ ስልሳ ጥያቄዎች የሳተችው ስምንት ብቻ ነው። ከስምንቱ አንዱም የእግር አልነበረም። የመሰረዣውን ቅጽ ፌቱ ሳታውቅ ቀደደችው።

የሚፈተኑት ባሕር ተሻግረው ሆኖሉሉ ነው። ሲሊንጋ ከዘመድ ቤት አርፋ በማግስቱ ጠዋት በቀዝቃዛው ክፍል ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ማሽኑ ሰው ማለፉን ወይም መውደቁን እርግጠኛ ሲሆን በራሱ ይቆማል፤ ከሰማንያ አምስተኛው ጥያቄ በፊት ግን አይቆምም። ባለፉት ሁለት ጊዜያት እስከ መጨረሻው ድረስ ነድቷታል።

ሃያ ጥያቄ ያህል እንደሠራች የፈተና ጠባቂዋ መጥታ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«እናቴ፣ እዚህ መናገር ክልክል ነው። እየጸለዩ ነው?»

«አይ፣ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው።»

«ማንን?»

ሲሊንጋ ወደ ማሽኑ ጠቆመች። «በሽተኞቹን።»

ሴትዮዋ «በልብዎ ይጠይቋቸው» ብላ ተመለሰች።

ሰባ ስድስተኛው ጥያቄ መጣ። ስኳር ያለበት የስልሳ ዓመት ሰው፣ እግሩን ሸፍኖ ምንም አልሆንኩም ይላል። ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች? አራቱን ምርጫዎች አላነበበችም፤ መጀመሪያ ሾርባው ታያት፣ ቀጥሎ ሽርጡ። ሁለቱ እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ቱሎ አለች፣ ቱሎ ወንድሜ። ከዚያ ምርጫዎቹን አነበበች። መልሱ ለ ነበር።

በሰማንያ አምስተኛው ላይ ማሽኑ ጨለመ።

ሦስተኛው ደብዳቤ ማለፏን ይናገራል። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ቤት ገብታም ከሁለቱ ጋር በአንድ ከረጢት አኖረችው። ፌቱ በመስታወት አስገብተን እንስቀለው ብትላትም እምቢ አለች። «ሦስቱም የኔ ናቸው» አለቻት።

ፈቃዱ እጇ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ላይ ሳላቬአ የሚባሉ ከሌላ መንደር የመጡ ባለማዕረግ ሽማግሌ ተኙ። ስኳር አለባቸው። አንሶላውን እስከ እግራቸው ጫፍ ድረስ ወጥረውታል።

«እግርዎን ልይልዎ?» አለች ሲሊንጋ።

«ደህና ነው ልጄ። አትድከሚ።»

ከአልጋው ግርጌ ጎንበስ አለች። «ቱሎ» አለችና አንሶላውን ገለጠች።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲሊንጋ የግራውን እግር፣ ከዚያ የቀኙን፣ ጣት በጣት እየከፈተች አየች፤ ተረከዛቸውን በመዳፏ ይዛ ሙቀቱን ለካች። ቁስል የለም። ከቀኙ አውራ ጣት ላይ አንድ የቆየ ጠባሳ አለ፣ ሌላው ንጹሕ ነው። አንሶላውን መልሳ አለበሰቻቸው።

«ደህና ነው አላልኩሽም?» አሉ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞረው።

«ብለውኛል። አሁን ደግሞ አየሁት።»

«ግትር ነሽ። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ከዚያም፣ ሳይጠይቋት፣ የወንድሟን። ሽማግሌው ፊታቸውን መለሱላት።

«አፔራሞን አውቀዋለሁ» አሉ። «ሰው ሲነካው አይወድም ነበር።»

«አዎ፣ አይወድም» አለች ሲሊንጋ።

ካርዱን ከአልጋው ግርጌ አነሣች። የፊርማው ቦታ ጠባብ ነው፤ ነርሶቹ ሁሉ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ነው የሚያሰፍሩት። ሰዓቱን አየችና ጻፈች፦ «ሦስት ሰዓት ከሃያ። ሁለቱም እግሮች ተገልጠው ታዩ። ቁስል የለም፣ ሙቅ ናቸው።» ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ ሙሉውን ጻፈችው። ቦታው አልበቃ ሲላት ከመስመሩ ወጥታ ጨረሰችው።